ምዕራፍ አምስት፦ ጠጠር የቆመበት ስም

ከጣና የተነሣው ዓባይ ካርቱም ደርሶ ነጩን ዓባይ ሊቀላቀል ጥቂት ሲቀረው በግራ ዳርቻው አንድ ግቢ ያልፋል። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1971 ቢከፈትም አትክልቱ ውስጥ የቆሙት ቤቶች ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ግብፅ የአስዋንን ትልቁን ግድብ ስትሠራ ከኋላው የሚተኛው ሐይቅ የሱዳንን ኑቢያ እንደሚውጥ ታወቀ። በ1960ዎቹ በጀርመናዊው አርክቴክት በፍሪድሪክ ሂንክል መሪነት የቡሄን፣ የሰምና፣ የኩማና የአክሻ ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው ካርቱም መጡ። በቀድሞ ቦታቸው ወንዝ ዳር ስለነበሩ በአዲሱም ግቢ ዓባይን የሚመስል ሰው ሠራሽ ቦይ ተቆፍሮላቸው ግራና ቀኙን ተተከሉ።

በቡሄንና በሰምና ግድግዳ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚገባው የንጉሡ የሦስተኛው ቱትሞስ ስም ነው። የግብፅ ጸሐፊዎች የንጉሥን ስም በሞላላ ቀለበት ይከብቡ ነበር። በዚህ ቀለበት ውስጥ ሦስት ሥዕሎች አሉ። ከላይ የፀሐይ ክብ፣ ከታች ጥንዚዛ። መካከል ላይ ያለው ደግሞ ጥርሱ ወደ ላይ የተገለበጠ ሚዶ ይመስላል። ብዙ ጎብኚ ሚዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ልብ ብሎ ላየው ግን ታችኛው ክፍል ረጅም ሣጥን ነው፤ ጥርስ የመሰሉትም በላዩ የቆሙ ትናንሽ ጠጠሮች ናቸው። ሣጥኑ የጨዋታ ሰሌዳ ነው፣ በጎኑ የታየ፣ ጠጠሮቹ ተደርድረውበት ጨዋታው ሊጀመር ያለ።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይህ ሰሌዳ ነው። ሰው ከሥራ በኋላ ተቀምጦ የሚጫወትበት ዕቃ እንዴት የነገሥታትና የአማልክት ስም መጻፊያ ሆነ? ከእኛስ ምን አገናኘው?

መጀመሪያ አጻጻፉን እንይ። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ፊደል ሳይኖረው «ልብስ» ብሎ መጻፍ ቢፈልግ የልብን ሥዕል ሥሎ ከጎኑ ስ የምትል አንዲት ምልክት ቢያክል ይበቃዋል። ሥዕሉ ስለ ልብ አይናገርም፤ ድምፁን ብቻ ያበድራል። ግብፆችም የጨዋታውን ሰሌዳ ሥለው ከእርሱ የወሰዱት ሁለት ተነባቢዎችን ነው፤ ምንና ንን። አናባቢ አይጽፉም ነበር። ም-ን ደግሞ በቋንቋቸው «ጸና፣ ኖረ፣ ሳይናወጥ ቆየ» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ጽኑ ነው ለማለት የፈለገ ጸሐፊ ሁሉ ሰሌዳውን ይሥል ነበር። የቱትሞስ የንግሥና ስም መንኸፐርሬ ነው፤ ጽናትን፣ መሆንንና ፀሐይን ያጣመረ። በጊዛ ሦስተኛውን ፒራሚድ ያሠራው መንካውሬ፣ የመጀመሪያው ራምሴስ የንግሥና ስም መንፔህቲሬ፣ የልጁ የሴቲ መንማዓትሬ፣ ሁሉም በዚሁ ሰሌዳ ይጻፋሉ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ሜምፎስ የሚላት ከተማም የጥንት ስሟ መን-ነፈር፣ «ጽኑና ውብ» ነበር። ስሟን ያገኘችው ከንጉሥ ፔፒ ፒራሚድ ስም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰሌዳው የተጻፈው በአሙን ስም ውስጥ ነው። የአሙን ስም በሦስት ምልክት ይጻፋል፤ የሸንበቆ ቅጠል፣ የጨዋታ ሰሌዳ፣ የውሃ ሞገድ። ሸንበቆው የመጀመሪያውን ድምፅ ይሰጣል፣ ሰሌዳው ም-ንን፣ ውሃው ደግሞ ንን ይደግመዋል፤ አንባቢው እንዳይሳሳት የተጨመረ ነው። ትርጉሙ «ስውር» ነው። በዚህ ስም ላይ ሰሌዳውና ጠጠሮቹ በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ተቀርጸዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ በደቡብ ግብፅና በኑቢያ አሙን ያልተጠራበት ግድግዳ ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ላንሣ። «አሜን የሚለው ቃል ከአሙን የመጣ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። አይደለም። አሜን በግእዝና በዕብራይስጥ ካለው «አመነ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፣ የመታመንና የእውነት ቃል። አሙን ደግሞ የመሰወር ቃል ነው። ድምፃቸው መመሳሰሉ ብቻውን ዝምድና አይሆንም።

እውነተኛው ዝምድና ከሰሌዳው በታች ባለው የውሃ ሞገድ ላይ ነው። ግብፆች ይህን ሞገድ ን ብለው ያነቡት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2,000 ዓመት ከተገባደደ በኋላ ግን በግብፅ በረሃና በሲና የሚኖሩ ሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች የግብፆችን ሥዕሎች ወስደው በራሳቸው ቋንቋ ሰየሟቸው። ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1905 በሲና ሰራቢት ኤል ኻዲም ያገኛቸው ጽሑፎች ይህን ያሳዩናል። ውሃን በቋንቋቸው ከም በሚጀምር ቃል ይጠሩት ስለነበር የውሃውን ሞገድ ም ብለው አነበቡት። ከእነርሱ ወደ ደቡብ ዓረብ፣ ከዚያም ወደ እኛ ደረሰ። የቆሎ ተማሪ ዛሬም የ«መ»ን ስም «ማይ» ብሎ ይቆጥራል፤ በግእዝ ውሃ ማለት ነው። የበም «ቤት»፣ የዐም «ዐይን»፣ የረም «ርእስ» የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ በቡሄን ግድግዳ ላይ የአሙንን ስም የሚያይ ኢትዮጵያዊ የ«መ»ን ቅድመ አያት ከጨዋታው ሰሌዳ ሥር ተጋድማ ያገኛታል። ሰሌዳው ራሱ ግን አብሮ አልመጣም። ሁለት ተነባቢ በአንድ ላይ የሚይዝ ምልክት አዲሱ ፊደል ስላላስፈለገው እዚያው ቀረ።

እኛም ብንሆን የጨዋታ ሰሌዳን ወደ ጽሕፈት ያስገባነው በሌላ በር ነው። «ሰንጠረዥ» ቀድሞ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ጨዋታ ስም ነበር፤ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፈረስ እየተባለ የሚጫወቱት። ዛሬ በመሥሪያ ቤት «ሰንጠረዥ 3ን ይመልከቱ» ሲባል ፈረሱን የሚያስታውስ የለም። አራት ማዕዘን ቤቶች በረድፍና በዐምድ የተሠሩበት ማንኛውም ገጽ ሰንጠረዥ ሆኗል። ሰሌዳ ቃል ሲሆን እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ ይረሳል፣ ቅርጹ ይቀራል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ስሙ ሰኔት ነው፣ «ማለፍ»። ሰሌዳው 30 ቤት አለው፤ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥር። ጠጠሮቹ የሚሄዱት በሬ እንደሚያርስበት ነው፤ አንዱን ትልም ይጨርሱና ዞረው በሚቀጥለው ይመለሳሉ። የአንዱ ተጫዋች ጠጠሮች እንደ ሾጣጣ፣ የሌላው ወገባቸው እንደ ቀጠነ ክር ማጠንጠኛ ናቸው። በጥንቱ ዘመን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ሰባት ነበሩ፣ በኋላ ዘመን አምስት አምስት ሆኑ። እርምጃውን የሚወስነው የሚጣል እንጨት ነው፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ክብ የሆነ ስንጣሪ። ከዚያም በኋላ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይጣል ጀመር።

ጠጠሮቹን የሚጠሩበት ስም ደስ ይላል፤ ኢባው፣ «ጨፋሪዎች»። ለአንዷ ጠጠር ብቻ የተለየ የሥዕል ፊደልም አላት። ሰሌዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ሲጋጩና ሲመለሱ ያየ ሰው ጭፈራ መሰለው። ኤድዋርድ ሌን እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ ካይሮ ሰዎች ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በዘመኑ ሲጋ የሚባለው ጨዋታ ጠጠሮች «ከልብ»፣ ውሻ፣ ይባሉ እንደነበር ጽፏል። ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1910 በቴብስ ያወጣው 58 ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ጠጠሮቹ ራሳቸው ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ የውሻና የቀበሮ ራሶች ናቸው፣ አምስት በአምስት። ለጠጠር ነፍስ መስጠት የጥንት ልማድ ነው።

ሰኔት ከምን ዘመን ጀመረ ከተባለ፣ በሳቃራ በተገኘው በሹሙ በሄሲ-ሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ሰኔትና ሌሎች ሁለት ጨዋታዎች ከነጠጠሮቻቸው ተሥለዋል። ይህ ከ4,600 ዓመት በፊት ነው። ከእነዚያ አንዱ መሔን ይባላል፤ ሰሌዳው የተጠቀለለ እባብ ነው፣ ጠጠሮቹም የተጋደሙ አንበሶች። የሦስተኛው ስም መን ነው፤ የፊደሉ ድምፅ ራሱ።

በመጀመሪያው ዘመን ሰኔት እንዲሁ ጨዋታ ነበር። ቆይቶ ግን ቤቶቹ ትርጉም እያገኙ መጡ። 15ኛው ቤት «ሕይወት የሚደገምበት ቤት» ተባለ። 26ኛው «መልካሙ ቤት» ነው። 27ኛው ውሃ ነው፤ ሰው የሚሰጥምበት። 28ኛው የሦስት፣ 29ኛው የሁለት ቤት ናቸው፣ 30ኛው ላይ የፀሐይ አምላክ ይጠብቃል። የጨዋታው ሕግ ተጽፎ አልተገኘም፤ ሊቃውንቱ ከቤቶቹ ስምና ከመቃብር ጽሑፎች ተነሥተው እንደሚያምኑት ውሃው ላይ የወደቀ ጠጠር ወደ 15ኛው ይመለሳል። ነፍስም ከሞት በኋላ በዚህ መንገድ ታልፋለች ብለው አመኑ። የሙታን መጽሐፍ በሚባለው ጽሑፍ 17ኛ ክፍል ሟቹ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሰኔት እንደሚጫወት ተጽፏል። በንግሥት ነፈርታሪ መቃብር ንግሥቲቱ ነጭ ልብስ ለብሳ ከሰሌዳው ፊት ተቀምጣለች። ከማዶዋ ማንም የለም። ከማን ጋር እንደምትጫወት ለማወቅ ተመልካቹ አይቸገርም።

ይህን ሁሉ ሰብስበው ሰኔትን ዳግም መጫወት እንዲቻል ካደረጉት አንዱ ቲሞቲ ኬንዳል ነው። ስለ ጨዋታው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1978 ታትሟል። ይኸው ሰው ከ1986 ጀምሮ ሱዳን ውስጥ በጀበል ባርካል ቁፋሮ ሲመራ ኖረ። ጀበል ባርካል ከካርቱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ከበረሃው ብድግ ያለ ጠፍጣፋ አናት ያለው ተራራ ነው፤ የኩሽ ሰዎችም ግብፆችም አሙን በውስጡ ይኖራል ይሉ ነበር። ሰኔትን ሲያጠና የኖረ ሰው ስሙ በሰኔት የሚጻፍ አምላክ ተራራ ሥር ብዙ ዓመት ማሳለፉ ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው።

አሙን በኩሽ ከግብፅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ፈርዖን አኸናተን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት ፀሐይን ብቻ ሲያመልክ የአሙን ስም ከየግድግዳው በመሮ እንዲፋቅ አዘዘ፤ ትእዛዙ ኑቢያም ደርሷል። ፋቂዎቹ ሸንበቆውንም ውሃውንም ሰሌዳውንም አብረው ነቀሉ። ተከታዮቹ መልሰው ጻፉት። ከዘመናት በኋላ በኩሽ ከተማ በመርዌ የነገሡት ሴቶች ስም ሲሰማ አማኒረናስ፣ አማኒሻኸቶ፣ አማኒቶሬ ነው። «አማኒ» አሙን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናውቃት ህንደኬም ከእነዚህ ንግሥታት ወገን ናት፤ ህንደኬ የሰው ስም ሳይሆን በመርዌ የንግሥት መጠሪያ ማዕረግ ነበር።

ታዲያ መርዌዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ የራሳቸውን ጽሕፈት ሲያወጡ ከግብፅ የሥዕል ፊደላት 23 ብቻ መረጡ። በጣም የሚደንቅ ጽሕፈት ነው፤ ተነባቢው ሌላ ምልክት ካልተጨመረበት በስተቀር አናባቢን በራሱ ይይዛል፣ የእኛ ግእዝ ፊደል እንደሚያደርገው። ከተመረጡት 23 መካከል ጉጉት አለች፣ በሬ አለ፣ አንበሳ አለ፣ የውሃ ሞገድም አለ። ሰሌዳው የለም። ሲና ላይ የተጣለበት ምክንያት እዚህም ጣለው፤ አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ የሚል ጽሕፈት ሁለት ተነባቢ የሚሸከም ምልክት አይፈልግም። አማኒ በአዲሱ ፊደል ያለ ጠጠር ተጻፈ።

ጠጠሩ ከጽሕፈት ቢወጣም ከሰው እጅ አልወጣም። የአክሱሙ ዒዛና በኖባና በካሱ ላይ ዘምቶ ድሉን በድንጋይ ካስቀረጸ በኋላ፣ ከሱዳን ድንበር ጥቂት በስተሰሜን ቁስጡል ላይ የኑቢያ ነገሥታት ከፈረሶቻቸው ጋር ተቀብረዋል። ዋልተር ኤመሪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ መቃብሮቹን ሲከፍት በብር የተሸለመ የእንጨት ሰሌዳ አገኘ፣ ከእርሱም ጋር 15 የዝሆን ጥርስና 15 የዞጲ ጠጠሮች፣ አምስት ዛራም። ጨዋታው በዚህ ጊዜ የሮማውያን ነበር። ንጉሡ ግን እንደ ጥንቶቹ ያለ ጠጠሮቹ አልሄደም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ፊደልና ስለ ስም ነው። የምወደውን ታሪክ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ በየዓመቱ ቤታችን የሚገባ ስለሆነ።

የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ከ1,900 ዓመት በፊት ስለ ኢሲስና ኦሲሪስ ሲጽፍ ከግብፆች የሰማውን እንዲህ ይተርከዋል። የሰማይ አምላክ ኑት በስውር ፀነሰች። ፀሐይ ተቆጥቶ በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ዓመት እንዳትወልድ ረገማት። በዚያን ጊዜ ዓመቱ 360 ቀን ብቻ ነበር። ኑትን የሚወዳት ቶት፣ የጽሕፈትና የስሌት አምላክ፣ ወደ ጨረቃ ሄዶ የሰሌዳ ጨዋታ ገጠማት። ደጋግሞ ረታት፤ ከብርሃኗም ከ70 አንዱን እጅ ወሰደ። ያንን አጠራቅሞ አምስት ቀን ሠራ። ቀኖቹን በዓመቱ ጫፍ ላይ ቀጠላቸው። የማንም ወር ስላልሆኑ እርግማኑ አይነካቸውም። ኑት በአንደኛው ቀን ኦሲሪስን፣ በሁለተኛው ታላቁን ሆሩስን፣ በሦስተኛው ሴትን፣ በአራተኛው ኢሲስን፣ በአምስተኛው ኔፍቲስን ወለደች። ስሌት የሚወድ አንባቢ 360ን ለ70 ቢያካፍል ከአምስት ትንሽ ይተርፈዋል፤ ለ72 ቢያካፍል ግን ልክ አምስት ይመጣለታል፣ ሊቃውንትም ፕሉታርክ ቁጥሩን አቃሎት ይሆናል ይላሉ።

እነዚህ አምስት ቀናት ጳጉሜን ናቸው። ቃሉ ግሪክ ነው፣ «ተጨማሪዎች»። የግብፅ ዓመት 12 ወር በ30 ቀንና አምስት ተጨማሪ ቀን ነበር። ይህ አቆጣጠር በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ እኛ ደረሰ። ቅብጦች ከጳጉሜን ቀጥሎ ያለውን፣ ለእኛ መስከረም የሆነውን ወር፣ እስካሁን ቱት ይሉታል፤ በዚያው በቶት ስም። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምንጨምራት ስድስተኛዋ ቀን ግን ከጨረቃ የተረታች አይደለችም። ሦስተኛው ቶለሚ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 በአዋጅ ሊያስገባት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ የጸናችው ሮማዊው አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለጳጉሜን የራሷን ትርጉም ሰጥታለች፤ ልጆች ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡ ስለ ቶት የሚያስብ የለም፣ ማሰብም አይጠበቅባቸውም። የቀኖቹ ቁጥርና ቦታ ግን ያው ጥንት የነበረው ነው፤ ከ12 ወር ውጭ፣ በዓመት ጫፍ ላይ፣ አምስት።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሙዚየሙ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር የከተማውን መሐል እስከ መጋቢት 2025 ድረስ መልሶ አልያዘውም። በሮቹ ሲከፈቱ የወርቅ ክፍሉ ባዶ ነበር። በእጅ የሚያዝና በኪስ የሚገባ ነገር ተዘርፏል። ሊነሡ የማይችሉ ትላልቅ የድንጋይ ሐውልቶች ቀርተዋል። ይህን ስሰማ የቱታንኻሙን መቃብር ትዝ አለኝ። ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ሲገባ አራት የጨዋታ ሰሌዳ አግኝቶ ነበር። የትልቁ፣ ከዞጲ የተሠራው፣ የአንበሳ እግር ያለው ሰሌዳ ጠጠሮች ግን አልነበሩም። ከወርቅና ከብር ሳይሠሩ አይቀሩም፣ የጥንት ሌቦች ወስደዋቸዋል ብሎ ገመተ። ጠጠር የምትጠፋው በትንሽነቷ ነው። የካርቱም ጉዳት ያመኛል፤ ከዚያ ግቢ የጠፋው የኢትዮጵያም ታሪክ ስለሆነ፣ የኩሽንና የአክሱምን ጉርብትና የሚናገር ማስረጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ከተሰበሰበባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ።

ሱዳኖች ሲጋን የሚጫወቱት አሸዋ ላይ ነው። በጣት አምስት በአምስት 25 ጉድጓድ ይምሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር፤ መካከለኛዋ ጉድጓድ ባዶ ትቀመጣለች። ሁለት ሁለት እየደረደሩ ይሞሉትና በዚያች ባዶ ቤት በኩል ጨዋታው ይከፈታል። የተቃራኒን ጠጠር በሁለት ጠጠር መካከል ያስገባ ይበላዋል። ሰሌዳ መግዛት የለም፣ ሌባ የሚወስደውም የለም።

ሰኔትንም እንዲሁ መጫወት ይቻላል፤ ዳማ ያውም በቆርኪ የምንጫወት ሰዎች ነን። በጳጉሜን ምሽት ግቢው ጭቃ ካልሆነ መሬት ላይ፣ ከሆነም ካርቶን ላይ፣ ሦስት ረድፍ በአሥር ቤት አሥምሩ። አሥር ቆርኪ ሰብስቡ፤ አምስቱን በፊታቸው፣ አምስቱን በጀርባቸው አድርጉና በመጀመሪያው ረድፍ አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው እያፈራረቃችሁ ደርድሩ። አሁን ከጎን ብታዩት በቱትሞስ ቀለበት ውስጥ ያለው ምልክት ይሆናል። አራት ስንጣሪ እንጨት ጣሉ፤ ጠፍጣፋ ጎናቸው ወደ ላይ የሆኑትን ቁጠሩ፣ አንድም ከሌለ አምስት ብላችሁ ያዙ። 26ኛው ቤት ላይ ሁሉም ጠጠር ማረፍ አለበት፤ ሳያርፍ አያልፍም። 27ኛው ላይ የውሃ ሞገድ ሥሩ። እዚያ የገባ ወደ 15ኛው ይመለሳል፣ ከዚያም እንደገና ይነሣል።